20 ኩንታል ወይስ 35? የደሴ ግቢ ኮንክሪት በጀት ከየት ይጀምራል

ጥያቄ፦ «ቤቴ ደሴ ነው፣ ከጦሳ ግርጌ። ግቢዬ 9 ሜትር በ8 ሜትር ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ በተራራው በኩል፣ 10 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው መተላለፊያ አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው መከራ ነው። እናቴ አርጅተዋል፤ አምና አንሸራቷቸው ወድቀዋል። ዘንድሮ ኮንክሪት ላስሞላ ቆርጫለሁ። የባለቤቴ ትንሽ መኪናም በበሩ ገብታ ግቢ ውስጥ ታድራለች። ሁለት ግንበኞች አስጠርቼ አሳየኋቸው። አንዱ 20 ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል አለ፣ ሌላው 35 አለ። ማንን ልመን? በጀቱን ከየት ልጀምር? ገንዘቤ ለሁሉም ካልበቃስ ምኑን ልተው?»

መልስ፦ በቅድሚያ ለእናትዎ ፈጣሪ ጤናውን ይስጥልዎ። እርጅና ላይ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ እሳቸው መንገድ ከታች ለብቻው እመለስበታለሁ።

ሁለቱም ግንበኞች ላይዋሹ ይችላሉ። ሁለቱም ያልነገሩዎት ነገር ግን አለ፤ ውፍረት። የኮንክሪቱ ውፍረት ስንት ሳንቲም እንደሆነ ሳይነገር የተጠራ የሲሚንቶ ብዛት ምንም ማለት አይደለም። የብር ዋጋውም እንደዚያው። ስለዚህ «ማን ረከሰ?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት «ምን ያህል ውፍረት? ምን ዓይነት ድብልቅ? ከሥሩስ ምን ይገባል?» ብለው ይጠይቁ።

እኔ እዚህ አንድም የብር ዋጋ አልጽፍልዎትም። የዛሬ ዋጋ ለሳምንት አይቆይም። ብዛት ግን አይለወጥም። ግቢዎና መተላለፊያው አብረው 84 ካሬ ናቸው፤ ዛሬም ከርሞም 84 ካሬ ነው። መጀመሪያ የብዛቱን ዝርዝር በወረቀት ይያዙ። ከዚያ ያንን ወረቀት ይዘው ገበያ ይውጡና በእያንዳንዱ መስመር ላይ የዕለቱን ዋጋ ይሙሉ። በጀት ማለት ይኸው ነው። ብዙ ሰው ግን ከኪሱ ባለው ብር ይጀምርና ግንበኛውን «በዚህ ጨርስልኝ» ይላል። ግንበኛውም ይጨርሳል። የሚጨርሰው ግን ከውፍረቱና ከሲሚንቶው ላይ ቀንሶ ነው።

እስቲ የእርስዎን ግቢ አብረን እናስላው።

ግቢው 9 በ8 ሲባዛ 72 ካሬ ነው። የጀርባው መተላለፊያ 12 ካሬ ነው። ድምሩ 84 ካሬ። ሰው ብቻ ለሚሄድበት ቦታ 10 ሳንቲም ውፍረት ይበቃል። መኪና የሚገባበትና የሚቆምበት ግን 15 ሳንቲም ያስፈልገዋል። መኪናዋ ከበሩ ጀምሮ 3 ሜትር በ6 ሜትር ቦታ ትይዛለች እንበል፤ 18 ካሬ ማለት ነው። 18 ካሬ በ15 ሳንቲም 2.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። የቀረው 66 ካሬ በ10 ሳንቲም 6.6 ሜትር ኩብ ነው። ሲደመር 9.3 ሜትር ኩብ። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነና የሚፈሰውም ስለማይቀር 10 በመቶ ይጨምሩበት። ወደ 10.2 ሜትር ኩብ ይደርሳል።

አሁን ድብልቁ። ለዚህ ሥራ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ጥሩ ነው። ሳጥኑ ወርዱ 40፣ ርዝመቱ 50፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲም ሆኖ ከጣውላ ይሠራል። በአካፋ ቆጥሮ መደባለቅን አይፍቀዱ፤ ጠዋት የሚነሳው አካፋና ከሰዓት በኋላ ድካም ሲመጣ የሚነሳው አካፋ እኩል አይደለም። በዚህ ልክ ሲደባለቅ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 320 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይበላል፤ 3.2 ኩንታል ማለት ነው። ለ10.2 ሜትር ኩብ 33 ኩንታል ይመጣል። ከጀርባ የሚሠራው የውሃ ቦይ ወደ 4 ኩንታል ይጨምራል፤ ለምን እንደሚያስፈልግ እነግርዎታለሁ። በጠቅላላው 37 ኩንታል፣ 74 ከረጢት።

ስለዚህ 35 ያለው ግንበኛ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። 20 ያለውስ? 20 ኩንታል በዚህ ድብልቅ የሚያወጣው 6.25 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። 84 ካሬ ላይ ሲነጠፍ 7 ሳንቲም ያህል ይሆናል። ሰውየው በልቡ 7 ሳንቲም ይዞ ይሆናል፤ ለሰው መሄጃ ብቻ ቢሆን ምናልባት ያስኬድ ነበር። መኪና ያለበት ግቢ ግን 7 ሳንቲም አይችልም። 10 ሳንቲም አደርገዋለሁ ካለ ደግሞ ከድብልቁ ላይ ሲሚንቶ ቀንሶ ነው። ያኔ በሁለተኛው ክረምት ላዩ እንደ ዱቄት መነሳት ይጀምራል። ተመልሰው «ውፍረቱ ስንት ነው ያልከው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ሲሰሙ የሚያሠሩት ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሲሚንቶ ሲገዙ ዋጋው የኩንታል ይሁን የከረጢት አስረግጠው ይጠይቁ። አንድ ኩንታል ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። በስልክ ዋጋ ተነጋግሮ ቦታው ሲደርስ የተጣላ ስንት ሰው አለ። ደግሞ ሲሚንቶ በኩንታል 100 ብር ቢጨምር በእርስዎ ሥራ ላይ የሚጨምረው 3,700 ብር እንደሆነ ያስሉት። ይህን ካወቁ «ሲሚንቶ ጨመረ» የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር አይደነግጡም፤ በልክ ያውቁታልና።

ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ወይስ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ)? ለግቢ ሥራ ፒፒሲ ይበቃዎታል። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ በደሴ ብርድ ደግሞ የባሰ ይዘገያል። ስለዚህ ከተሞላ በኋላ ውሃ የሚጠጣበትን ቀን አያሳጥሩበት።

አሸዋና ጠጠር ላይ ልቆይ፤ ገንዘብ በዝምታ የሚፈስበት ቦታ ነውና። ለ10.2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 5.2 ሜትር ኩብ አሸዋና 8 ሜትር ኩብ ጠጠር፣ በገበያ «02» የሚባለው፣ ያስፈልጋል። አሸዋውን 6 አድርገው ይዘዙ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ ሲደርቅ ያንሳል። ለቦዩ ግንብ የሚሆነውም ከዚሁ ላይ ይወሰዳል፣ ካነሰ ትንሽ ያስጨምራሉ። ሻጩ ግን በሜትር ኩብ አይደለም የሚነግርዎ፤ «በመኪና» ነው። «አንድ አይሱዙ ይህን ያህል ብር» ይልዎታል። አይሱዙው ስንት ይይዛል? ሜትርዎን ይዘው ይውጡና ሳንዱቁን ይለኩ። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 2፣ የጎኑ ከፍታ 60 ሳንቲም ከሆነ ልሙጥ ሲሞላ 4.8 ሜትር ኩብ ነው። መሐሉ ተቆልሎ ጥግ ጥጉ ጎድሎ ከመጣ ደግሞ ያንሳል። ሾፌሩ ሳይገለብጥ ላዩን በአካፋ እንዲያስተካክሉት ይጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም። ከተገለበጠ በኋላ ግን ክርክር የለም።

የአሸዋው ንጽሕናም በጀት ነው። ደለል የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶውን ያለ ሥራ ይበላዋል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ፍተሻ አለ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይውሰዱ። ከተለያየ የቁልሉ ቦታ የተዘገነ አሸዋ እስከ ግማሹ ይጨምሩበት። ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ይሙሉና በደንብ ይናጡት። ከዚያ ሳይነካ ይደር። ጠዋት ሲያዩት አሸዋው ከታች፣ ደለሉ በላዩ በቀጭን መስመር ተለይቶ ይገኛል። ታች ያለው 10 ሳንቲም ከሆነ ላዩ ያለው ደለል ከ6 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ በአገራችን የሚሠራበት ልክ 6 በመቶ ነው። ከበለጠ ወይ ይታጠባል፣ ወይ አይገዛም። ይህን ፍተሻ በናሙናው ላይ ያድርጉት፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት።

ሌላው የደሴ ጣጣ ጭነቱ የሚራገፍበት ቦታ ነው። ከተማችን ዳገት ናት። ብዙ ሰፈር መኪና ከአስፋልት አይገባም። ጠጠሩ መንገድ ዳር ይገለበጥና በባሬላና በእጅ ጋሪ ወደ ግቢ ይገባል። የማስገቢያው ሒሳብ በማንም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የእርስዎ ቤት መኪና ስለሚገባው ትንሿ አይሱዙ ትገባ ይሆናል። ግን ባለ ጭነት መኪና በሰፈሩ መታጠፊያ መዞር መቻሉን ሾፌሩን አምጥተው ያሳዩት። አንድ ነገር ደግሞ፤ ኮምቦልቻ ላይ የተጠየቀን ዋጋ ለደሴ አይጠቀሙበት። ጭነት ሐረጎን ሲወጣ ዋጋው አብሮት ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እውነቱን ለመናገር፣ የግቢ ኮንክሪት የሚበላሸው ከላይ አይደለም፤ ከሥሩ ነው። ለሥሩ የሚወጣው ገንዘብ ለኮንክሪቱ ከሚወጣው ጋር ሊስተካከል ይችላል። ሁለቱም ግንበኞች ስለ ሲሚንቶ ነው የነገሩዎት። ስለ ቁፋሮ፣ ስለ ድንጋይ፣ ስለ መጠቅጠቅ ማንም አላነሳም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ፣ መሬቱ ሳይደርቅ፣ ከግቢዎ መሐል ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ያስቆፍሩና አፈሩን ይዩ። ቡናማና ጠጠር የተቀላቀለበት ከሆነ ደስ ይበልዎ። ጥቁር ዋልካ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ኮንክሪት እያነሳ እየጣለ ይሰብረዋል። ለዋልካ መድኃኒቱ ጠለቅ አድርጎ አውጥቶ በገረጋንቲ (ጠጠር በተቀላቀለበት የመሙያ አፈር) መተካት ነው። ያ ደግሞ በጀትዎን በእጅጉ ያሰፋዋል። እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ፣ አቅም ካነሰ፣ እኔ ኮንክሪቱን ትተው የድንጋይ ንጣፍ ወይም ኮብልስቶን እንዲያደርጉ ነው የምመክረው። መሬቱ ሲንቀሳቀስ የተነሳውን ድንጋይ አንስቶ መመለስ ይቻላል። የተሰበረ ኮንክሪት ግን ተቆፍሮ ነው የሚጣለው።

መሬቱ ደህና ከሆነ 30 ሳንቲም ያህል ይቆፈራል። 84 ካሬ በ30 ሳንቲም 25 ሜትር ኩብ ነው። የተቆፈረ አፈር ሲፈታ ቢያንስ አንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚያስወግዱት 32 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ብዙ መኪና ነው። የት እንደሚደፋም አስቀድመው ይወቁ፤ መንገድ ዳር ወይም ወንዝ ውስጥ ማስደፋት ቅጣትም ነውርም አለው። ከዚያ 20 ሳንቲም ድንጋይ ይደረደራል፤ በግርድፉ 17 ሜትር ኩብ፣ ሲታዘዝ 20። ድንጋዩ በቁመቱ ይቆማል እንጂ በጀርባው አይተኛም። ክፍተቱ በደቃቅ ድንጋይና በገረጋንቲ ይሞላል፤ 4 ወይም 5 ሜትር ኩብ ይበቃል። ውሃ እየተረጨ በመጠቅጠቂያ ማሽን በደንብ ይመታል። ማሽኑን ለአንድ ቀን መከራየት ያዋጣል። በእግርና በግንድ የተጠቀጠቀ ሥር የመጀመሪያው ክረምት ሲጠጣ ይሰምጣል።

ከድንጋዩ ቀጥሎ ውሃ። የእርስዎ ቤት ከጦሳ ግርጌ ስለሆነ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ወደ ቤቱ ጀርባ ነው የሚመጣው። እሱን ሳይዙ ግቢውን ኮንክሪት ቢያደርጉት ውሃው ከሥሩ ይገባል። ለዚህ ነው ቦዩን በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት። በጀርባው 10 ሜትር ላይ፣ ከተራራው ወገን፣ ወለሉ 30፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲም የሆነ የድንጋይ ግንብ ቦይ ይሠራል፤ ውስጡ ይለሰናል። 3 ሜትር ኩብ ያህል የድንጋይ ግንብ ነው፤ ድንጋዩን ከላይ ካለው 20 ላይ ለብቻ ይጨምሩት። ቦዩ ከመተላለፊያው ስፋት ላይ ስለሚቆርስ ኮንክሪቱ በዚያ በኩል ትንሽ ያንሳል፤ ያቺን ትርፍ ለመጠባበቂያ ይተዉአት። መውጫውን ወደ ከተማው ቦይ ያገናኙት። ከታች ባለው ጎረቤት ግቢ አይልቀቁት። ኮንክሪት ውሃ አይመጥም፤ በፊት መሬቱ ይጠጣው የነበረው ሁሉ አሁን በአንድ ቦታ ይወርዳል። በዚህ የተነሳ በዕድር ሽማግሌ የተያዘ ጎረቤት አውቃለሁ፤ መጨረሻው ደግሞ ማፍረስ ነው።

ግቢው በራሱ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ከቤቱ እየራቀ መውረድ አለበት። በ8 ሜትር 16 ሳንቲም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ውሃ በተሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አስለክተው ግድግዳው ላይ በቀለም ያስምሩ። በዓይን አይታይም፤ በተለይ እንደኛ ዳገት የለመደ ዓይን ይስታል። የኮንክሪቱ ላይኛው ገጽ ከቤት ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲም ዝቅ ይበል።

የግቢው ታችኛው ጫፍ በደረቅ ካብ ተደግፎ የቆመ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱ ይታይ። ካቡ ሆዱን ነፍቶ ወይም ድንጋይ ጥሎ ከሆነ በላዩ ኮንክሪት መጫን አደጋ ነው። ግንብ ይሠራ ከተባለ በየ1.5 ወይም 2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቱቦ ይግባለት፣ ከኋላውም ጠጠር ይሙላ። ከ1.5 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሐንዲስ ሳያይ አይጀመር፤ ማዘጋጃ ቤቱንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ብረቱ ቀላል ነው። መኪናዋ የምትቆምበት 18 ካሬ ላይ ብቻ ባለ 8 ፌሮ በየ20 ሳንቲሙ በሁለቱም አቅጣጫ ይግባ። 6 ሜትር የሆኑ 16፣ 3 ሜትር የሆኑ 31 ቁራጮች ይፈልጋል። አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ በትክክል 16 ቤርጋ ይበቃል፤ ሳይባክን ይቆረጣል። ማሰሪያ ሽቦ ጥቂት ኪሎ። ፌሮው መሬት ላይ ተኝቶ ከቀረ ግን ገንዘብዎ ተቀበረ ማለት ነው። በትንንሽ የሲሚንቶ ኩቦች ላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሠራተኞች ሲረማመዱበት ይሰምጣል፤ ቆመው ይዩላቸው።

ሌላው ቦታ ላይ ብረት አያስፈልግም፤ መገጣጠሚያ ግን ግድ ነው። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሰንጠቁ አይቀርም። የእኛ ሥራ የሚሰነጠቅበትን ቦታ መምረጥ ነው። 9 ሜትሩን በሦስት ባለ 3 ሜትር መደብ ይክፈሉት። መጀመሪያ አንደኛውና ሦስተኛው ይሞላል፤ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ መሐሉ። እያንዳንዱ መደብ ደግሞ በርዝመቱ ሦስት ቦታ እንዲከፈል በ2.5 ሳንቲም ጥልቀት መስመር ይቆረጥበት። ይህ ሥራ ለግንበኛው የግማሽ ቀን ልፋት ነው። ለእርስዎ ግን የዓመታት ዕረፍት ነው።

የእናትዎ ነገር። ግንበኛው «ሊሾ (ልስልስ የሲሚንቶ ልባስ) ላድርግልዎ፣ ያበራል» ማለቱ አይቀርም። እምቢ ይበሉ። ውጭ ላይ ሊሾ በዝናብና በጤዛ እንደ ሳሙና ነው፤ የደሴን ጉም ያውቁታል። ኮንክሪቱ ሳይጠነክር በሻካራ መጥረጊያ፣ ከመሄጃው አቅጣጫ ተሻጋሪ፣ መስመር ይሳልበት። ወጪ የለውም፤ እንዲያውም የሊሾውን ሲሚንቶ ይቆጥባል። ከቤቱ በር እስከ ሽንት ቤት ድረስ የእጅ መደገፊያ ቧንቧ የሚቆምበትን ቦታ አሁኑኑ ያስቡ፤ እግሩ ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ ቢሞላ ይረክሳል።

ውሃም በጀት ነው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በሥራው ቀን ውሃ ቢጠፋ ሠራተኛው ቆሞ ይከፈለዋል። ለማቡኪያ 9 ወይም 10 በርሜል፣ ለማጠጫ ቢያንስ ሌላ 10 በርሜል ያዘጋጁ። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 27 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ሠራተኛ ሥራው እንዲቀለው ውሃ ያበዛል። ሚክሰሩ (ማቡኪያ ማሽኑ) አጠገብ ጀሪካን ይዞ የሚቆጥር አንድ የቤት ሰው ይቁም። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ በከረጢት ወይም በጆንያ ተሸፍኖ 7 ቀን፣ በፒፒሲ ከሆነ እስከ 10 ቀን፣ ሳይደርቅ ይቆይ። በበጋው ነፋስና ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ የባሰ ነበር። መኪናዋ እስከ 28 ቀን ደጅ ትደር።

ወደ ጉልበቱ ዋጋ ስንመጣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከነማቴሪያሉ መስጠት ነው። ሁለተኛው በእጅ ዋጋ፣ በካሬ ተነጋግሮ ማቴሪያሉን ራስ ማቅረብ። እርስዎ ቤት የሚውል ሰው ካለ ሁለተኛውን እመርጥልዎታለሁ። ከነማቴሪያሉ የወሰደ ሰው የቀነሰው ከረጢት ሁሉ የእሱ ትርፍ ነው። በእጅ ዋጋ የሚሠራ ግን ሲሚንቶ ላይ የሚሰስትበት ምክንያት የለውም። የካሬውን ዋጋ ሲነጋገሩ ቁፋሮው፣ የአፈር ማውጣቱ፣ የድንጋዩ ድርደራ፣ የጠጠር ማስገባቱና ማጠጣቱ ውስጡ ይኑር አይኑር አንድ በአንድ ይጠይቁ። የሚክሰርና የቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያናወጠ የሚያጠጋጋው ማሽን) ኪራይ በማን እንደሆነም።

ስምምነቱን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ስፋት፣ ውፍረት፣ ድብልቅ፣ ቁልቁለት፣ የመገጣጠሚያው ርቀት፣ የክፍያው ደረጃ። ቅድሚያ ከ20 ወይም ከ30 በመቶ በላይ አይስጡ። ቀጣዩን ሥሩ ተጠቅጥቆ ሲያዩት፣ ሌላውን ሲሞላ ይክፈሉ። 10 በመቶ ያህሉን ግን ያስቀሩ። ማጠጣቱ ካለቀ በኋላ ሁለት በርሜል ውሃ ከቤቱ ጥግ ይልቀቁ። ውሃው ወርዶ ካለቀ ቀሪውን ይክፈሉ። ኩሬ ሠርቶ ከቆመ ይስተካከል።

ውፍረቱን በዓይንዎ የሚያዩበት መንገድ ይኸውልዎ። ከተረፈው ፌሮ አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ይውሰዱ። ከጫፉ 10 ሳንቲምና 15 ሳንቲም ላይ በመጋዝ ጭረት ያድርጉበት። ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ላዩ ሲስተካከል፣ እየተዘዋወሩ በመሐሉም በጥጉም ይውጉት። ድንጋዩን ሲነካ ይቆማል። ሲያወጡት እርጥቡ እስከ ጭረቱ መድረስ አለበት። ጥጎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ ጎኑን የሚይዘው ጣውላ (ፎርሙ) ስለሚታይ። መሐሉ ላይ ነው የሚሳሳው፤ ድንጋዩ እዚያ ከፍ ብሎ ይቀራልና። ሳስቶ ካገኙት ያንኑ ሰዓት ይነገር። ጣውላውን ካነሱ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ገንዘቡ ካልበቃስ? መጠባበቂያ 15 በመቶ ለብቻ ካስቀመጡ በኋላ ድምሩ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ ውፍረቱን አይቀንሱ። ሲሚንቶውን አይቀንሱ። ሥሩን አይዝለሉ። ስፋቱን ይቀንሱ። ዘንድሮ የጀርባውን ቦይና መተላለፊያ፣ ከዚያ እናትዎ የሚሄዱበትን አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መንገድ ያሠሩ። የመኪናዋ ቦታ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ገረጋንቲ ለብሶ፣ ተጠቅጥቆ ይቆይ። ጭቃ አይሆንም፤ መኪናዋም ትቆምበታለች። አንድ ክረምት ከጠጣበት በኋላ የሚሰምጠው ሰምጦ ይታያል። ከርሞ ሞልተው ኮንክሪቱን ያለብሱታል። እንዲያውም ገንዘቡ ቢኖርዎትም እንዲህ በሁለት ዙር መሥራቱን አልቃወምም ነበር።

የጊዜውን ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቁፋሮውን፣ ቦዩንና ድንጋዩን በጥቅምት ይጨርሱ። ኮንክሪቱን በኅዳር ያስሞሉ። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይጀመር፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መሙላት ይቁም። ማታ በላስቲክ ይሸፈን። ወደ የካቲት ከተጓተተ የበልጉ ዝናብ ይደርስብዎታል። ሲሚንቶውን ቀድመው ገዝተው አያከማቹ፤ ሥራው ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ይግዙ። ካደረም ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ይደር። ከረጢቱን ሲጫኑት ጠጣር ጓል ከተሰማዎ ለሻጩ ይመልሱት።